በአባዱላ ከጀማ እስከ ጓሳ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የጉዞው ተሳታፊዎች ካቀረቡት ንግግር)



በመጀመሪያ የገንዘቡን ነገር እንናገር፤ ሐሜቱ ከእኛም ጆሮ ደርሷል። ለጉዞው የወጣው ብር ከየኪሳችን በአሥር ወር ያጠራቀምነው ነው። ከቁጠባው ሣጥንም ሆነ ከእርዳታው አልተነካም። ሂሳቡ ከጸሐፊያችን ዘንድ ስላለ ማየት የምትፈልጉ እዩት።

ከዓለም ከተማ የተነሣነው አሥራ አንድ ሆነን፣ ስንቃችንንና አንድ ድንኳን ይዘን ነው። ጀማን በእግራችን ወርደን የወጣን ሰዎች ነን፤ በመኪና ጠመዝማዛውን ስንወርድ ግን ግማሾቻችን ዓይናችንን ጨፈንን። ከታች ሙቀቱ ልብስ ያስወልቃል። ወደ ለሚ ሽቅብ ስንወጣ መኪናው ፈላ። ሾፌሩ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ ራዲያተሩን ሲያቀዘቅዝ፣ እኛ ጥላ ፈልገን ቆሏችንን ቆረጠምን። ከዚያ በሙከጡሪ አዲስ አበባ፣ በማግስቱ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር አድርገን መሐል ሜዳ ገባን።

ጓሳ ከ3200 ሜትር በላይ ነው። እናቶች መኪናው ውስጥ፣ እኛ ድንኳን ውስጥ አደርን፤ ሲነጋ ድንኳኑ ላይ ውርጭ ተጋግሮበት አገኘነው። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር ሲነጩ፣ አንዲት ቀይ ቀበሮም አይጥ ስታደባ አየን። «ይቺን ለማየት ነው ይህ ሁሉ መንገድ?» አሉ አንዷ እናታችን። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር እንደማትገኝ ሲነገራቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው እንደገና አዩዋት።

እኛን የያዘን ግን ሣሩ ነው። በጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ገሳ ይሠራል። የመንዝ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ቦታውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ቆርጠው ይከፍቱት ነበር። መብቱ ከአስቦና ከጌራ ለተወለዱ ነበርና ሁሉን እኩል የሚያይ አልነበረም፤ ያንን አናሞግስም። በ1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቀረ፣ ሁሉም ገባበት፣ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ነዋሪው ራሱ መክሮ ደንብ አወጣና ጥበቃውን መለሰ። ዛሬ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ቦታ በሕዝቡ እጅ ይጠበቃል።

አሁን ወደ እኛው ተረተር እንምጣ። ለማኅበራችን የተሰጠውን መሬት ፍየሎቻችን ግጠው ድንጋይ አስቀርተውታል። ሁለት ክረምት ይዘጋ እንላለን። ከተጓዦቹ ስድስታችን ፍየል አለን፤ እኛ እንችለው ይሆናል። ሌላ ግጦሽ የሌላቸው ሦስት እናቶች ግን አሉ። የእነሱን መኖ ሳናስብ ዝጉ ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ከአውድማችን አንድ አንድ ሸክም ጭድ እንድናዋጣ፣ ደጋፊዎቻችንም የሣር ዘር እንዲያፈላልጉልን እንጠይቃለን።

ቡናው እስኪፈላ ተወያዩበት። የምትቃወሙ፣ በተለይ ፍየል ያላችሁ፣ ፊት ለፊት ንገሩን።