«እርጅና ነው» አትበሉ

የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሳይኮሎጂ ተመራቂዎች፣

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ ወይም በነጆ ሥራ ስትጀምሩ አንዲት እናት ይመጣሉ። «ራሴን ይፈልጠኛል፤ እህል አልበላ ብሎኛል፤ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም» ይሏችኋል። ማዘናቸውን ግን አይነግሯችሁም፤ ሐዘን ለሐኪም የሚነገር አይመስላቸውም። ጤና ጣቢያው ማስታገሻ ይሰጣቸዋል፤ ቤተሰቡ «እርጅና ነው» ይላል። እናንተ ይህን ቃል እንዳትደግሙ ልለምናችሁ ነው የመጣሁት። ሽበት የዕድሜ ነው፤ ድባቴ ግን ሕመም ነው፣ ይታከማል።

ለአረጋውያን ድባቴ መለያ የተዘጋጀ 15 ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ አለ። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ስለሆነ ፊደል ላልቆጠሩም በቃል ይጠየቃል። መጠይቁ ብቻውን አይፈርድም፤ የሐኪም ምርመራም ያስፈልጋል። ስትጠይቋቸው በአፋን ኦሮሞ፣ ረጋ ብላችሁ፣ ደግሞም ምራታቸው በሌለችበት ይሁን። በምራቷ ፊት «ብቸኛ ነኝ» የምትል እናት ጥቂት ናት።

በወለጋ ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። ባለፉት ዓመታት ግጭት የተፈናቀሉ አረጋውያን ያጡት ቤትና የቡና ማሳ ብቻ አይደለም። በጃርሱማ፣ ማለትም በኦሮሞ ሽምግልና፣ ተቀምጠው ሰው ያስታርቁ የነበሩ አባት በመጠለያ ዕርዳታ ለመቀበል ተሰልፈው ይውላሉ። ምክር የሚጠይቃቸው የለም። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ማጽናናት ብቻ አይበቃም፣ ሥራቸውን መልሱላቸው።

ለአረጋውያን እንዲህ ያለ ሥራ መስጠት እንደሚቻል ዚምባብዌ አሳይታለች። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. በሐራሬ 14 ሴት አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ጭንቀት የበዛበትን ሰው የሚያደምጡት፣ ችግሩን አብረው የሚፈቱት እነዚያ እናቶች ናቸው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በእነሱ የተረዱት ሰዎች የተለመደውን ክትትል ካገኙት ይበልጥ እንደተሻላቸው አረጋግጧል። እኛ ደግሞ አድምጦ ማስታረቅን ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ሽማግሌዎች አሉን። የጎደለው የሚያሠለጥናቸውና ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ሲያጋጥማቸው ከሆስፒታል ጋር የሚያገናኛቸው ባለሙያ ነው።

ያ ባለሙያ እናንተ ናችሁ። በምትመደቡበት ከተማ ቢሮ ተቀምጣችሁ አትጠብቁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ዕድሩ ሂዱና ከቤት መውጣት ያቆሙ አረጋውያን በየትኛው ቤት እንዳሉ ጠይቁ።