ከአሮጌው የበረራ ማስመሰያ ወደ ዐዲሱ ጓዝን ስለ ማሻገር

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የምንናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶች የጨዋታ ነገር መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ነገር ግን በመካከላችን የእውነተኛ አይሮፕላን መሪ ጨብጦ የሚያውቅ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። ለቀረነው በረራን የምንማርበት ስፍራ በኮምፒዩተር ላይ ያለው የበረራ ማስመሰያ ነው። እንግዲህ ይህ ማስመሰያ በዐዲስ ሲተካ፥ ለዓመታት ያከማቸነው ተጨማሪ አይሮፕላንና የአይሮፕላን ማረፊያ፥ እንደ እጃችን ያስተካከልነው ጆይስቲክና ፔዳል ምን ይሆናል? ከሁሉም በላይ የተማርነው ነገር ምን ይሆናል? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው።

ጥያቄው ዐዲስ አይደለም። ማይክሮሶፍት የመጀመሪያውን የበረራ ማስመሰያ ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1982 ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው። በ2006 የወጣው ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ረጅም ዕድሜ ስላገኘ፥ በዓለም ዙሪያ ያሉ ነጋዴዎችና በጎ ፈቃደኞች ስፍር ቍጥር የሌለው ተጨማሪ ሠሩለት። ያ ማስመሰያ ግን ባለ 32 ቢት ስለ ነበረ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ ሊጠቀም አይችልም። ተጨማሪው በበዛ መጠን ሜሞሪው ይሞላና አይሮፕላኑ ካሰበበት ሳይደርስ በረራው በመካከል ይቋረጣል። አሶቦ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የሠራው ማስመሰያ በ2020 ሲወጣ ባለ 64 ቢት በመሆኑ ይህ ችግር ተወገደ። ነገር ግን በዚያው ምክንያት፥ ለ32 ቢት ተቀምረው የነበሩት የመለኪያ ሰሌዳዎች ወደ ዐዲሱ ሊገቡ አልቻሉም። በ2024 ደግሞ የዚሁ ተከታይ ወጣ፤ እኛም እንደ ገና ጓዛችንን ተሸክመን ከደጃፍ ቆመናል።

ታዲያ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? አሮጌውን ፎልደር እንዳለ ገልብጦ በአንድ ሌሊት ወደ ዐዲሱ ያፈሰዋል። ማስመሰያው አልከፈት ሲል ወይም አይሮፕላኑ ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል፥ ከመቶ ፋይል መካከል ጥፋተኛው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ነው። እኛ የምንለው ቃል አንድ ነው። ከአሮጌው ወደ ዐዲሱ የሚሻገረው ዋናው ሀብት ፋይሉ ሳይሆን፥ እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሚሠራ ማወቃችን ነው። ስለዚህ ጓዙን መርምረን አንድ በአንድ እናሻግር።

ጓዛችን በሦስት ይከፈላል። አንደኛው ከእንግዲህ የማያስፈልገን ነው። በፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ ዘመን መሬቱን ለማሳመር የምናከማቸው ሥዕል ሁሉ፥ ከሳተላይት በተነሣ ፎቶግራፍ ምድርን ለሚያሳየውና ከ37,000 በላይ የአይሮፕላን ማረፊያ ላለው ለ2020ው ማስመሰያ ሸክም ብቻ ነው። ዐዲሱ በራሱ አሳምሮ የሠራው ማረፊያ ላይ የእኛን ብንደርብበትም ሕንፃ በሕንፃ ውስጥ ቆሞ እናገኘዋለን።

ሁለተኛው ሊሻገር የሚችለው ነው። የ2020ውና የ2024ቱ ማስመሰያዎች ተጨማሪዎችን ኮሚዩኒቲ ከሚባለው ፎልደር ስለሚያነቡ፥ የማረፊያዎች ሥራ አብዛኛው ያለ ብዙ ችግር ይሻገራል። በውስጡ የራሱ ፕሮግራም ያለው አይሮፕላን ግን የሠሪውን እድሳት ሊጠብቅ ይገባዋል። ከማስመሰያው ከራሱ ሱቅ የተገዛው በአብዛኛው ከሂሳባችን ጋር አብሮ ይመጣል። ከሌላ ሱቅ የገዛነው ግን እንደ ሠሪው ፈቃድ ነው፤ አንዱ በነጻ ያድሳል፥ ሌላው ዋጋ ይጠይቃል። ስለዚህ ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት እንጠይቅ።

ሦስተኛው ፈጽሞ የማይሻገረው ነው። እውቀት ያለው ሰው እንደ ገና ሠርቶ ያሻግረው ይሆናል። በዚህ ላይ ግን አንድ የክብር ነገር አለ። ብዙዎቻችን በነጻ የተሰጠንን ሁሉ ባለቤት የሌለው አድርገን እናያለን። በነጻ የሰጠ ሰው ድካሙን ሰጠ እንጂ ስሙን አልሰጠም። ከፋይሉ ጋር የሚመጣውን የፈቃድ ጽሑፍ አንብበን፥ ለሕዝብ ከማሰራጨታችን በፊት ሠሪውን እናስፈቅድ። እንቢ ካለ ሥራው በአሮጌው ቤት ይቀመጥ። እነዚህ ሰዎች ተቀይመው ሥራቸውን ቢተዉ፥ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ሁሉ በባዶ ሜዳ ይቀራል።

አሁን ወደ መቆጣጠሪያዎቹ እንለፍ። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ለገበያ ሲቀርብ፥ በአሮጌው የጌም ፖርት መሰኪያ የሚሠሩትን ጆይስቲኮች መቀበል አቆመ፤ ደኅና የነበረ ዕቃ በዚያ ምክንያት ከጥቅም ውጭ ሆነ። ዛሬ በዩኤስቢ የሚሰካው አብዛኛው ዕቃ ይሻገራል። የማይሻገረው በውስጡ ያስተካከልነው ትእዛዝ ነው። በ2020ው የደለደልነው የቍልፍ ድልድል በራሱ ወደ 2024ቱ አይሄድም። ዐዲሱ ለሁሉ የሚሆነውን ትእዛዝና ለአይሮፕላን ዐይነት የሚሆነውን ለይቶ ስለሚያስቀምጥ የአሮጌው አከፋፈልም አይገጥመውም። እንግዲህ ድልድዩ ወረቀትና እርሳስ ነው። አሮጌውን ከመዝጋታችን በፊት የትኛው ቍልፍ ምን እንደሚያደርግ፥ የትኛው እጀታ እንደ ተገለበጠ፥ መሐል ላይ የማይሰማው ስፍራ ስንት እንደ ሆነ፥ የእጀታው ስሜት በምን ያህል እንደ ተለዘበ አንድ ባንድ እንጻፍ።

ከዚያ በኋላ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እንሰካ። ማስመሰያው ለብዙው የተሰካ ዕቃ በራሱ ፈቃድ ትእዛዝ ይሰጣል። ጆይስቲኩ ሲጠመዘዝ የጭራውን መሪ የሚያዝ ከሆነ፥ ፔዳሉም ያንኑ የሚያዝ ከሆነ፥ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል፤ አይሮፕላኑም በመንደርደሪያው ላይ ይዋልላል። ከሁለቱ አንዱን ማጥፋት ነው። ደግሞም ዕቃውን በፊት በዊንዶውስ ውስጥ አስተካክለን ከዚያ ወደ ማስመሰያው እንሂድ፤ አንዱን ስሕተት በሁለት ስፍራ ካረምነው ዐዲስ ስሕተት እንፈጥራለን። ሁል ጊዜ በአንዱ መሰኪያ መሰካትም ይጠቅማል፤ መሰኪያው ሲለወጥ ኮምፒዩተሩ ዕቃውን እንደ እንግዳ የሚቈጥርበት ጊዜ አለና።

ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ መፈተኛ እንምረጥ። እኛ የምንመርጠው ቦሌን ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ7,600 ጫማ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ሆነ አየሩ ስስ ነው። ሴስና 172 ይዘን የማስመሰያውን እርዳታ አጥፍተን ስንነሣ፥ የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ በሚክስቸር እጀታ ካልቀነስን ሞተሩ ኀይል ያጣል። ስለዚህ ሚክስቸሩን በትክክል መመደባችንን፥ ስሮትሉ እስከ ጥጉ መድረሱን፥ ፔዳሉ መስመር መያዙን ይህ አንድ በረራ ይነግረናል። እርሱ ሲሰምር አንድ ተጨማሪ እናስገባ፤ እንደ ገና እንፈትን፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው እንለፍ።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አሮጌውን ጥሎ ከባዶ መጀመር አይሻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ፋይሉን ከባዶ መጀመር መልካም ነው፤ እኛም አንቃወምም። እውቀቱን ግን ከባዶ መጀመር ኪሳራ ነው። ደግሞም የመሸጋገር ግዴታ የለብንም። የ2024ቱ ማስመሰያ ከአይሮፕላኑና ከማረፊያው ብዙውን በሚያስፈልግበት ሰዓት ከኢንተርኔት እየሳበ ስለሚሠራ፥ መስመሩ ደካማ ለሆነበትና ለኢንተርኔት በልክ ለሚከፍል ተማሪ አሮጌው ይሻለው ይሆናል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ። የሚሸጋገረውም ቢሆን ዐዲሱ በሚገባ እስኪፈተን ድረስ አሮጌውን አያጥፋ፤ ቅጂውንም በሌላ ዲስክ ያኑር።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በማኅበሩ ክፍል አንድ ደብተር ይቀመጥ። ከእኛ መካከል የተሸጋገረ ሁሉ የመቆጣጠሪያውን ስም፥ የመደበውን ቍልፍ፥ የሞከረውን ተጨማሪና ያገኘውን ውጤት ቀን ጨምሮ ይጻፍበት። ያልሠራውንም ሳያፍር ይጻፍ፤ ያልሠራው ከሠራው ባልተናነሰ ለተከታዩ ይጠቅማልና። ማስመሰያዎች ይለዋወጣሉ። ቀጣዩም በወጣ ጊዜ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች ከባዶ እንዳይነሡ፥ ደብተሩ ይቆያቸዋል።