ለልጆቻችን መኪና እሽቅድምድም ሜዳ ስለማግኘት
በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ከሒሳቡ ሪፖርት ቀጥሎ ስለ ልጆች ጨዋታ መናገራችን ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ይመስል ይሆናል። እድር ግን ድንኳን መትከል ብቻ አይደለም፤ ድንኳኑ ያለጊዜው እንዳይተከል ማሰብም የእኛው ፈንታ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ፍኖተ ሰላምንም ቡሬንም ሰንጥቆ ያልፋል። ልጆቻችን ኩሽኔታ በገጠሙለት ጣውላ ቁልቁል የሚንደረደሩት፣ የሽቦ መኪናቸውንም የሚያሽቀዳድሙት በዚያው መንገድ ዳር ነው። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ደግሞ ፍሬን ስለተያዘ ብቻ እዚያው ቀጥ አይልም።

አሁን በስልክ ያዩት ሌላ ነገር መጥቷል፤ በሪሞት የሚነዳ መኪና። ነገሩስ አዲስ አይደለም። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ፖርሽ 934ን ከእውነተኛው በ12 እጅ አሳንሶ በሬዲዮ የሚነዳ አድርጎ አውጥቶት ነበር። በሌላው ዓለም ባለመኪናዎቹ ማኅበር አቋቁመው፣ ሜዳ አዘጋጅተው ይወዳደራሉ። ድሮ ሁለት መኪናዎች በአንድ ሞገድ ከገቡ አንዱ የሌላውን ትእዛዝ እየሰማ ይጋጩ ነበር፤ የዛሬዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መቆጣጠሪያ ስለሚለዩ ብዙ ሆነው አብረው ይሮጣሉ።

ዋጋው ግን አይቀመስም። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ምን እንደሆነ ባለሱቆቻችን ይንገሯችሁ። መግዛቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ባትሪው ይደክማል፣ ጥርሱ ይበላል፣ መለዋወጫው አይገኝም። ርካሹ መጫወቻ አንዴ ከተሰበረ መጣል ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ቤት ተዋጥቶ በብሎን የሚፈታ አንድ መኪና ቢገዛ ይሻላል፤ መዋጮ እንደሆነ ማንም አያስተምረን! ከተበላሸ ቴፕ ዲናሞ አውጥተው በሽቦ መኪና ላይ የሚገጥሙትንም አትቆጧቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ ዲናሞ የሚያውቅ ልጅ ሥራ አያጣም። ያበጠ የስልክ ባትሪ ግን አይንኩ፤ ከተበሳ እሳት ነው። ቤተሰብ ተኝቶ ሳለም ባትሪ ቻርጅ ላይ አይደር።

ሜዳውስ? በክረምቱ ጭቃ ነውና አይታሰብም። ከመኸር በኋላ ግን የገጠር ዘመዶቻችን አውድማ አለላችሁ። ተደልድሎ፣ በእበት ተለቅልቆ፣ በበሬ ኮቴ ተጠቅጥቆ እንደ ሰሌዳ የደረቀ ነው። ሌላ አገር ለዚሁ ውድድር ሸክላ አፈር አስመጥተው፣ ውሃ እያጠጡ የሚደመድሙትን እኛ ለጤፉ ስንል በየዓመቱ እንሠራዋለን። ብቻ አውድማ ክቡር ነው፤ ምርቱ ተነሥቶ፣ ባለቤቱ ተጠይቆ፣ ሲፈቅድ ነው።

ለከተማዎቹ ልጆች ደግሞ የእድሩን ግቢ እንስጣቸው እንላለን። አግዳሚ ወንበሮቹ ወደ ጥግ ቢደረደሩ ለሽቦውም ለሪሞቱም መኪና ይበቃል። «ግቢው የለቅሶ ዕቃ ማስቀመጫ ነው» ያሉን አባት አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ዕቃ ቤቱ ይቆለፋል፣ የሰፈራችን ሰው ያረፈ እንደሆነም በዚያ ሳምንት ጨዋታ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ይከፈት፤ ሁለት ሁለት ወላጅ በተራ ይጠብቅ። ከመነሣታችን በፊት ቁልፉን ማን እንደሚይዝ እንምረጥና በቃለ ጉባኤው ይጻፍ።