ከዳኝነት ክፍያው ባሻገር፦ ነጻ የሕግ ድጋፍ በፍትሐ ብሔር ጉዳዮች



ንግግሬን ከሁለት የሕገ መንግሥት አንቀጾች ልጀምር። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፣ የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ለማቆም አቅም ካጣና በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ፣ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት መብት ይሰጠዋል። ወደ አንቀጽ 37 ስንሻገር፣ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው እናነባለን። አቅም የሌለው ሰው ጉዳዩን በማን አማካይነት እንደሚያቀርብ ግን አንቀጹ አይናገርም። ከቤቷ ልትወጣ የተቃረበች መበለት፣ የልጅ ቀለብ የምትጠይቅ እናት፣ ደመወዙ የተያዘበት ሠራተኛ፣ ሁሉም የሚገኙት በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው።

ሕጋችን ለድሃ ተሟጋች ከቶ አላሰበም ማለቴ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ በደሃ ደንብ ስለሚቀርብ ክስ ይደነግጋል። አመልካቹ ያለውን ንብረት ዘርዝሮ ያቀርባል፤ በአሠራር ደግሞ ከቀበሌው የድህነት ማስረጃ ያመጣል። ከተፈቀደለት ከዳኝነት ክፍያ ነጻ ይሆናል። ከዳኝነት ክፍያ ብቻ። ክሱን ማን ይጽፍለታል? የትኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን እንዳለው ማን ይነግረዋል? የትኛው ሰነድ ከክሱ ጋር መያያዝ እንዳለበትስ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ናቸው። እነርሱን አልንቅም፤ ከአንዳንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ይልቅ የክስ ፎርም የሚያውቁ አጋጥመውኛል። ነገር ግን የሚከፈላቸው ለጻፉት እንጂ “ይህን ክስ አታቅርብ” ብለው ለሚሰጡት ምክር አይደለም።

እንቅፋቱ ገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ያስተማረኝ የሥራ ክርክር ነው። በዚህ ዘርፍ ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ በንድፈ ሐሳብ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ይሁን እንጂ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጊዜውን አጥብቦታል። ወደ ሥራ ለመመለስ ሦስት ወር፣ ከሥራ ውል መቋረጥ ለሚነሣ የክፍያ ጥያቄ ስድስት ወር። ይህን የሚያውቀው ማን ነው? አሠሪው ያውቃል፤ ጠበቃ አለውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የግል ድርጅት ለአሥራ አንድ ዓመት በጥበቃ ያገለገሉ አንድ አባት፣ በጥቅምት ወር እኔ ወደማስተባብረው የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል መጡ። ከሥራ የተሰናበቱት በየካቲት መጨረሻ ነበር። ተማሪዋ ቀኑን ቆጥራ ስታበቃ ቀና ብላ አየችኝ፤ የስድስቱ ወር ጊዜ በነሐሴ አልፏል። “አባቴ፣ ምነው ቀደም ብለው ሳይመጡ?” አልኳቸው። “በሐምሌ መጥቼ ነበር ጌታዬ፤ ተቆልፎ ነበር። ዘበኛው ትምህርት ሲከፈት ተመለሱ አለኝ” አሉኝ።

ያ የተቆለፈ በር የእኛ ነበር። ቁልፉም በእኔ እጅ ነበር። ማዕከሉ የሚሠራው በተማሪዎች ስለሆነ ተማሪ ሲበተን ይዘጋል፤ ማንም ይህን እንደ ጥፋት ቆጥሮት አያውቅም፣ እኔም ጭምር። ክሱን አዘጋጀንላቸው። የድርጅቱ ጠበቃ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 244 መሠረት ይርጋን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አድርጎ አነሣ። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ነበር ብለን በጽሑፍ ተከራከርን፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለንም። ዳኛውን አልወቅስም፤ በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም የተዘጋ የዩኒቨርሲቲ ቢሮን ከአቅም በላይ ምክንያት ነው ለማለት እቸገር ነበር። በሐምሌ አንድ ገጽ ክስ ተጽፎ ቢገባ ኖሮ ይርጋው ይቋረጥ ነበር። አንድ ገጽ!

የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 በኤይሪና በአየርላንድ ጉዳይ ላይ የሰጠውን ፍርድ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖሬአለሁ። አመልካቿ ከባሏ በፍርድ ለመለየት ፈልጋ ጠበቃ የምትቀጥርበት ገንዘብ አልነበራትም፤ መንግሥት “ራሷ ቀርባ መከራከር ትችላለች” ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን መብት በወረቀት ላይ ሳይሆን በተግባር የሚሠራ መሆን አለበት በማለት ፈረደላት። ከዚያ ጥቅምት ወዲህ ይህን ፍርድ ሳስተምር ድምፄ እንደ ቀድሞው አይደለም።

መፍትሔው የት ነው? ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ የፌዴራል ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጥሎ ነበር። ግዴታ ሲጣል፣ ሰዓቱን የሚቆጥርና ችግረኛውን ከጠበቃው ጋር የሚያገናኝ ካልተመደበ፣ ግዴታው ወደ በጎ ፈቃድ ዝቅ ይላል። በጎ አድራጊዎች ላይ መደገፍም የራሱ አደጋ አለው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለብዙ ሴቶች ነጻ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቶ፣ በመብት ዙሪያ የሚሠሩ አገር በቀል ማኅበራት ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ በ10 በመቶ የገደበው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ሲወጣ አገልግሎቱን ለመቀነስ ተገደደ። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቷል፤ በመካከል ያለፉት አሥር ዓመታት ግን ለተሟጋቾቹ አልተመለሱላቸውም።

ስለዚህ ለፋኩልቲው ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን በሩ ይከፈት፤ ተረኛው መምህር ሥራው በማስተማር ጫና ይታሰብለት። ወደ ማዕከሉ የሚመጣ ሰው ሁሉ ታሪኩን ከመተረኩ በፊት ይርጋው የሚያልቅበት ቀን በፋይሉ ሽፋን ላይ ይጻፍ። በዓመታዊ ሪፖርታችንም “ይህን ያህል ሰው አገለገልን” ከሚለው ቁጥር አጠገብ፣ ዘግይተው የደረሱት ስንት እንደሆኑና ለምን እንደዘገዩ ይመዝገብ። የበጀት ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ የተረኛ መምህሩን አበል በተመለከተ ከዲኑ ጋር የጀመርነው ውይይት ገና አልተቋጨም። በዚህ ላይም ሆነ በሌላው አስተያየታችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።