የሞተረኛ ፖሊስ ልብስ፤ ክብርና ደኅንነት በወላይታ ሶዶ መንገዶች
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)




የደንብ ልብስ ሲባል በብዙ ሰው ኅሊና ቀድሞ የሚመጣው ሥልጣን ነው። ቆቡ፣ የማዕረጉ ምልክት፣ የተወለወለው ጫማ ሁሉ ለባሹ በራሱ ስም ሳይሆን በሕግ ስም መቆሙን ያስታውቃሉ። በሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ መንገድ በሚቆጣጠር ፖሊስ ዘንድ ግን ልብሱ ሌላ ተግባር ይጨመርበታል። ባለ መኪናው በብረት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሞተረኛውን ከአስፋልቱ የሚለየው የለበሰው ጨርቅና ቆዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ልብሱ ምልክትም መሣሪያም ይሆናል። የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህ ሁለት ተግባሮች የሚስማሙበትንና የሚጋጩበትን ቦታ በመሐንዲስ ዐይን መመርመር፣ ቀጥሎም ለወላይታ ሶዶና ለአካባቢዋ የሚበጀውን ማመልከት ነው።

ሀ/ ስለ ቦታው

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረች፣ ብዙ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። አንዱ መንገድ በቦዲቲ በኩል ወደ ሻሸመኔ፣ ሌላው በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና፣ ሦስተኛው በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ፣ አራተኛው ደግሞ ኦሞን ተሻግሮ ወደ ዳውሮ ይወስዳል። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ በመሆኗ የመንገዶቿ ሥራ ይበልጥ በዝቷል። የጭነት መኪና፣ ባጃጅ፣ ሰው የሚያመላልስ ሞተር ሳይክል፣ ወደ ገበያ የሚነዳ ከብትና እግረኛው ሁሉ አንዱን መንገድ ይጋሩታል።

ለሞተረኛ ከሁሉ የሚከብደው የመንገዱ ጠባይ በአጭር ርቀት መለዋወጡ ነው። ከአስፋልት ወደ ኮብልስቶን፣ ከኮብልስቶን ወደ ጠጠር፣ ከጠጠር ወደ ቀይ አፈር ይገባል። የወላይታ ቀይ አፈር በበልግና በክረምት ዝናብ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ በመኪና ጎማ ተይዞ አስፋልት ላይ ሲወጣም አስፋልቱን ራሱን አደገኛ ያደርገዋል። የአየሩም ጠባይ እንዲሁ ነው። በዳሞታ ግርጌ በማለዳ የበረደው ፖሊስ፣ ወደ ሁምቦና ወደ አባያ ሐይቅ ቆላ ሲወርድ በሙቀት ይቸገራል። በመሆኑም ለአንድ ወቅትና ለአንድ ዓይነት መንገድ ብቻ የተሰፋ ልብስ እዚህ አይበቃም።

ለ/ ከፈረስ ወደ ሞተር

የሞተረኛ ፖሊስ ልብስ በብዙ አገር መነሻው የፈረሰኛ ልብስ ነው። እንደ ልጥጥ ጨርቅ ያለ ነገር ባልነበረበት ዘመን ፈረሰኛው ጉልበቱን እንደ ልብ ያጥፍ ዘንድ ሱሪው ከጭኑ ላይ ሰፍቶ ከጉልበቱ በታች እንዲጠብ ተደረገ። ይህም በአገራችን ተፈሪ ሱሪ የሚባለው ነው። ከእርሱ በታች ገምባሌ ወይም ረጅም ቦት ጫማ ይደረግ ነበር። ሞተር ሳይክል በፈረስ ምትክ ሲገባ ፖሊሶች ይህንኑ ልብስ ይዘው ወጡ፤ ምክንያቱም ረጅሙ ቦት እግርን ከማርሚታው ትኩሳትና ከሚፈናጠር ጠጠር ስለሚጠብቅ ነው። ቅርጹ የክብር ምልክት ሆኖ ቢታይም መሠረቱ አገልግሎት ነበር።

ከትከሻ ላይ ተሻግሮ የሚታሰረው የቆዳ ማንገቻ ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። ሳም ብራውን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1858 በሕንድ ጦርነት ግራ እጁን ካጣ በኋላ፣ ሰይፉን በአንድ እጅ መምዘዝ ይችል ዘንድ ቀበቶውን የሚያጸና ማንገቻ አበጀ። ማንገቻው በስሙ ተጠርቶ ወደ ብዙ አገር ሠራዊትና ፖሊስ ተዛመተ። ዛሬ ሰይፉ የለም፤ ማንገቻው ግን በሰልፍ ልብስ ላይ ቀርቷል። በሰልፍ ላይ ጉዳት የለበትም። በሞተር ላይ ግን በመውደቅ ጊዜ ከመሪው ወይም ከሌላ ነገር ጋር ሊያያዝ ይችላልና ቦታው አይደለም።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው ፖሊስ በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከመደራጀቱ አስቀድሞ የፈረሰኛ ክብር በሕዝቡ ዘንድ ሥር የሰደደ ነበር። ታላላቅ ሰዎች በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ቃኘው፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ለዘመተው ሻለቃ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። የጀግናው ለምድና ጎፈር ግዳዩን ሲናገሩ፣ ከጠንካራ ቆዳ የተሠራው ጋሻ ደግሞ በብር ጌጥ ተሽቆጥቁጦ ጦር ይመክት ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። በአባቶች ዘንድ ጌጥ በመከላከያው ላይ ተጨመረ እንጂ መከላከያውን አልተካም። ብሩ ያማረበት፣ ቆዳው ግን የሳሳ ጋሻ ይዞ የሚዘምት አልነበረም።

ሐ/ ስለ ራስ ቁር

የዘመናዊው የሞተረኛ ራስ ቁር፣ ማለትም የሄልሜት፣ ታሪክ ከአንድ ታዋቂ ሰው ሞት ጋር የተያያዘ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በዐረብ አገር ስሙ የገነነው ቲ. ኢ. ሎሬንስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 በሞተር ሳይክል ወድቆ፣ ከስድስት ቀን በኋላ በጭንቅላት ጉዳት ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለው የአንጎል ቀዶ ጥገና ባለሙያ ነገሩን በዝምታ አላለፈውም። እ.ኤ.አ. በ1941 ባወጣው ጽሑፍ በሠራዊት ሞተረኞች ላይ የሚደርሰውን የጭንቅላት ጉዳት አሳይቶ የሄልሜትን ጥቅም አስረዳ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ በሥራ ላይ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። በሰላም ጊዜ ይህን ግዴታ ለሕዝብ በማውጣት እ.ኤ.አ. በ1961 የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ቀደመች።

ሄልሜት የሚያድነው በጥንካሬው ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የውጪው ቅርፊት ግጭቱን በሰፊ ቦታ ይበትናል፤ ሹል ነገር እንዳይዘልቅም ይከለክላል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ከውስጥ ያለው፣ ለቴሌቪዥን ማሸጊያ ከሚሆነው ጋር የሚመሳሰል ነጭ ፎም ነው። ፎሙ እየተጨፈለቀ የጭንቅላትን ፍጥነት ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በአውሮፓና በብዙ ሌሎች አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22 ከሚያዝዛቸው ፈተናዎች አንዱ ሄልሜቱን በሰከንድ 7.5 ሜትር ፍጥነት ከብረት ጋር ማጋጨት ነው። ይህ ፍጥነት በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር፣ ወይም ከ2.9 ሜትር ገደማ ከፍታ መውደቅ ማለት ነው።

እንግዲህ ስሌቱን እንመልከት። የሰው ራስ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው ቢባል፣ በዚህ ፍጥነት የሚይዘው ጉልበት ወደ 140 ጁል ይደርሳል። ይህ ጉልበት በ30 ሚሊ ሜትር ፎም ውስጥ እኩል እየተከፈለ ቢጠፋ፣ ራስ የሚደርስበት ፍሬን ከመሬት ስበት 96 እጥፍ ይሆናል። ፎሙ በተግባር እኩል ስለማይጨፈለቅ ከፍተኛው መጠን ከዚህ ይበልጣል፤ ደንቡም እስከ 275 እጥፍ ይፈቅዳል። ፎም በሌለው፣ ለመልክ ብቻ በተሠራ ቆብ ውስጥ ግን መቆሚያው ርቀት 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ፍሬኑ ከ950 እጥፍ ያልፋል። ሁለቱን ቆቦች በመደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ከሩቅ የሚያይ ሰው ልዩነታቸውን ላያውቅ ይችላል። ልዩነቱ በሕይወትና በሞት መካከል ያለው 27 ሚሊ ሜትር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ የኮክሬን ግምገማ፣ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ሄልሜትን ግዴታ አድርጓል። ይህን ትእዛዝ በሶዶ ጎዳና ላይ የሚያስከብረው ራሱ ሞተረኛው ፖሊስ ነው። ማሰሪያውን ሳያጠብቅ፣ ወይም በሄልሜት ፈንታ የሰልፍ ቆብ አድርጎ የሚጋልብ ፖሊስ የሞተር ታክሲ የሚነዳውን ወጣት ሊቀጣው ይችል ይሆናል፤ ሊያሳምነው ግን አይችልም።

እዚህ ላይ መታሰብ ያለበት አንድ የባህል ነገር አለ። በአገራችን ሽማግሌ ፊት ቆብ ማውለቅ ጨዋነት ነው። ፊቱን ሸፍኖ አዛውንትን የሚያናግር ፖሊስ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ስለዚህ በየፌርማታው ሄልሜቱን ማውለቅና ማጥለቅ ይበዛበታል፤ ሲቸኩልም ማሰሪያውን ሳያስር ይነሣል። መፍትሔው አገጩ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ወይም ፊት የማይሸፍንና መስተዋት ያለው፣ ደረጃውን የጠበቀ ሄልሜት መምረጥ ነው። «አባባ፣ መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩኝ» ሲል ፊቱ ይታያል፤ ሲነሣም ራሱ የተጠበቀ ነው።

መ/ ስለ ቆዳ፣ ስለ ጨርቅና ስለ ጫማ

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የወደቀ ሰው፣ የሰበቃው መጠን 0.6 ነው ቢባል፣ ወደ 24 ሜትር ያህል ይንሸራተታል፤ ጊዜውም 2.8 ሰከንድ ገደማ ነው። ተራ የደንብ ልብስ ጨርቅ ይህን ያህል አይቆይም። ፖሊስተር የበዛበት ከሆነ ደግሞ በሰበቃው ትኩሳት ቀልጦ ከቆዳ ጋር ይጣበቃል። የአውሮፓ ደረጃ የሞተረኛ ልብስን በየክፍሉ መድቦታል። «ኤ» የተባለው በሰዓት 45፣ «ድርብ ኤ» 70፣ «ሦስት ኤ» 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ፍጥነት ሰበቃን ይፈተናል። ለሶዶና ለዙሪያዋ ፍጥነት ድርብ ኤ ተገቢ ነው። ሙቀት በሚበረታበት ቆላም ነፋስ የሚያሳልፍ፣ በክርን፣ በትከሻና በጉልበት መከላከያ ያለው ጃኬትና ሱሪ ከወፍራም ቆዳ ይሻላል፤ የማይለበስ መከላከያ ማንንም አይጠብቅምና።

ጓንት ችላ ሊባል አይገባም፤ የሚወድቅ ሰው አስቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነው። የኢትዮጵያ በግ ሌጦ ለጓንት ስፌት በዓለም ገበያ የታወቀ እንደ መሆኑ፣ መዳፉ በድርብ ቆዳ የተጠናከረ ጓንት በአገር ውስጥ ሊሰፋ ይችላል። ጫማው ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ በዘይትና በጭቃ የማያንሸራትት ሶል ያለው መሆን አለበት። በቀበቶ ላይ የሚንጠለጠለው የእጅ ሰንሰለትና የመገናኛ ሬዲዮ ከአከርካሪ አጥንት ላይ ሊነሣ ይገባል፤ ፖሊሱ በጀርባው ሲወድቅ በጉዳት ላይ ጉዳት ይጨምራልና።

ሠ/ ስለ መታየት

የወላይታ ሰው ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለበትን ዱንጉዛ ከሩቅ ሲያይ የማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ጽሑፍ ማንበብ አያሻውም። የቀለም ቅደም ተከተል ራሱ ቋንቋ ነው። የሞተረኛ ፖሊስ ልብስም እንዲሁ መነበብ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የኒው ዚላንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ የሚያንጸባርቅ ልብስ በለበሱ ሞተረኞች ላይ የግጭት ጉዳት አደጋ በ37 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ነጭ ሄልሜት ያደረጉትም ጥቁር ካደረጉት ይልቅ በ24 በመቶ ያነሰ አደጋ ነበረባቸው። ነጩ ቆብና ነጩ ጓንት በትራፊክ ፖሊስ ልማድ ውስጥ መኖራቸው እንግዲህ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ልማዱና ሳይንሱ እዚህ ላይ ይስማማሉ። በዚህ ላይ በደረት፣ በክንድና በጀርባ አንጸባራቂ ጥብጣብ ቢጨመር የመኪናውን መብራት ወደ ነጂው ዐይን ይመልሳል።

ረ/ ስለ ንብረት መዝገብ

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግን የሚገኘው በመጋዘን ውስጥ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት አሠራር አንድ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ተሰብሮ እስካልታየ ድረስም በመዝገቡ ላይ እንደ ደኅና ይኖራል። ይህ አሠራር ለወንበርና ለጠረጴዛ ይስማማል። አንድ ጊዜ ከባድ ግጭት የደረሰበት ሄልሜት ግን ቅርፊቱ ቀለም ተቀብቶ አዲስ ቢመስልም፣ ፎሙ አንድ ጊዜ ተጨፍልቋልና ሁለተኛ አይሠራም። መዝገቡ አለ ይላል፤ መከላከያው ግን የለም። እንዲሁም አንዱን ሄልሜት የማለዳውና የማታው ተረኛ ቢጋሩት፣ ለአንዱ የጠበበው ለሌላው ይሰፋል፤ የሰፋ ሄልሜት ደግሞ በመውደቅ ጊዜ ከራስ ላይ ይወልቃል።

ሰ/ የሚመከረው

በዚህ መሠረት የሚከተሉት ለሚመለከታቸው ሁሉ ይቀርባሉ።

1ኛ/ የሰልፍና የግልቢያ ልብስ ይለያዩ። ማንገቻውና ጌጡ ለሰልፍ ይቀመጡ፤ የማዕረግ ምልክቱ ግን በሁለቱም ላይ ይኑር።

2ኛ/ የግዥ ማስታወቂያ «ጥሩ ጥራት ያለው» በሚል ቃል ፈንታ የደረጃውን ቁጥርና የፈተናውን ማስረጃ ይጠይቅ።

3ኛ/ ሄልሜት ለእያንዳንዱ ፖሊስ በራሱ ልክ ይሰጥ፤ የተሠራበት ቀንና የደረሰበት ግጭት በካርድ ይመዝገብ፤ ግጭት የደረሰበት ወዲያው፣ ያልደረሰበትም አምራቹ በወሰነው ጊዜ፣ ከአገልግሎት ይወገድ።

4ኛ/ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች የመጣል ፈተና መሣሪያ እንደ መመረቂያ ሥራ ይሥሩት። የሦስት ሜትር ተንሸራታች ምሰሶ፣ የብረት ማረፊያና የፍጥነት ለውጥ መለኪያ ይበቃል። የሕጋዊ ምርመራን ቦታ አይተካም፤ ነገር ግን ፎም ያለውን ከሌለው ለመለየት፣ ለወጣት ሞተረኞችም በዐይናቸው ለማሳየት ያገለግላል።

ክቡራንና ክቡራት፤ ይህ ወጪ ከባድ ነው የሚል መልስ እንደሚሰጥ ይታወቃል። ሆኖም ወጪው ሲሰላ፣ አንድን ፖሊስ ለማሠልጠን የወጣው፣ በሆስፒታል የሚያሳልፈው ወራትና ቤተሰቡ የሚያጣው እጅ አብሮ መታሰብ አለበት። የዚህ ማኅበር አባላት ድልድይ ሲነድፉ የሚሸከመውን ክብደት አስቀድመው ያሰላሉ፤ መልኩን ከዚያ በኋላ ያሳምራሉ። ለሞተረኛው ፖሊስ ልብስም ያው ቅደም ተከተል ይገባዋል። በየዞኑና በየከተማው የግዥ ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ መሐንዲስ ይህን ጥያቄ ቢያነሣ፣ ከአንድ ረጅም ንግግር ይልቅ ብዙ ሥራ ይሠራል።