የተተከለውና የጸደቀው
ስለ ወጣት ማኅበራት የዜና መግለጫ አጻጻፍ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በላስታ ተራሮች የወጣቶች ማኅበር ምንጭ ሲያጎለብት፣ እርከን ሲሠራ ወይም ችግኝ ሲተክል፣ ሥራውን የሚለካውና ወጪውን የሚገምተው አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያ ነው። ሥራው ሲፈጸም ግን ለጋዜጣና ለራዲዮ የሚላከው የዜና መግለጫ እንደ ዋዛ ይጻፋል። የዚህ ንግግር ዓላማ መግለጫውም እንደ ንድፉ ሁሉ በልክ መሠራት እንደሚገባው ማስረዳት ነው።

የዜና ክብደት የወሎ ሕዝብ በመከራ ያየው ጉዳይ ነው። በ1965 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን ሲፈጅ ነገሩ ለወራት ተሸፋፍኖ ቆየ፤ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ሲሆን፣ እስከዚያ ብዙ ሰው አልቆ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት ደግሞ የመሐመድ አሚን ፊልምና የማይክል በርክ ዘገባ ከኮረም ወጥቶ ዓለምን አስደነገጠ። ችግሩን የሚያውቅ ሰው በሁለቱም ጊዜ ነበረ፤ ወሬው ግን ዘገየ።

ማጋነንም ከመደበቅ ያላነሰ ጉዳት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ሲያስታውቅ፣ ብዙዎች የጠየቁት ስንቱ ይጸድቃል ብለው ነበር። ዋናው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ በሚያልፍበት፣ በጋው በሚረዝምበት የላስታ ገደላማ መሬት፣ ችግኝ መትከልና ችግኝ ማጽደቅ እጅግ የተራራቁ ናቸው። በሐምሌ የሚጽፍ ማኅበር የተከለውን ብቻ ይናገር፤ ስለ ጸደቀው ለመናገር በጋው ሲያልፍ ቆጥሮ ይመለስ።

ስለ አጻጻፉ ምሳሌ እናንሣ። በአንድ ቀበሌ ወጣቶች ምንጭ አጎለበቱ እንበል። የተለመደው መግለጫ፣ «የአካባቢው ወጣቶች ከፍተኛ ባለሥልጣናት በተገኙበት ደማቅ ሥነ ሥርዓት ለልማት ያላቸውን ቁርጠኝነት አረጋገጡ» ይላል። ከዚህ አንባቢው የሚይዘው ነገር የለም። በዚህ ፈንታ፣ «የቀበሌው ወጣቶች ለ60 አባወራዎች የመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ምንጭ በ3 ሳምንት ሥራ አጎልብተው ጥር 20 ቀን ለአገልግሎት አበቁ፤ ለውኃ አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዱ የነበሩ እናቶች አሁን በሩብ ሰዓት ይደርሳሉ» ቢባል፣ ማን፣ ምን፣ መቼና ለምን የሚሉት ጥያቄዎች በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ። አዘጋጅ ቦታ ሲጠበው የሚቆርጠው ከታች ነውና፣ የእንግዶቹ ስምና የምስጋናው ዝርዝር ወደ መጨረሻ ይሂድ።

ቁጥር ያለ መለኪያ አይጻፍ። ገበሬው በጥማድ፣ ጽሕፈት ቤቱ በሄክታር ስለሚቆጥር የትኛው እንደሆነ ይገለጽ። መግለጫው ወደ ውጭ አገር ረጂ የሚሄድ ከሆነ፣ ጥር 2016 ዓ.ም. በአብዛኛው የፈረንጆቹ ጥር 2024 መሆኑን፣ የእኛ ጧት ሦስት ሰዓትም በእነርሱ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን መጻፍ አይረሳ። ለማጣራት ለሚፈልግ አዘጋጅም የኃላፊው ስምና አድራሻ ከግርጌ ይቀመጥ።

ወደ ላሊበላ ጋዜጠኛ የሚመጣው ለገና በዓልና በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ለተመዘገቡት አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ወዳለ ምንጭ የሚወጣ ዘጋቢ ግን በጭንቅ ይገኛል። በመሆኑም የዚያ ቀበሌ ዘጋቢ መግለጫውን የጻፈው ወጣት ራሱ ነው።

ከመላኩ በፊት ጽሑፉ በቀበሌው ሽማግሌዎች ፊት ይነበብ። ምንጩን የሚቀዱት፣ እርከኑን በጀርባቸው ድንጋይ ተሸክመው የሠሩት እነርሱ ናቸው። ራዲዮኑ ያልተሠራውን ተሠራ ሲል የሰማ ገበሬ ለሚመጣው ዓመት ሥራ ዶማውን ይዞ አይወጣም፤ ይህም ከማንኛውም የገንዘብ ጉድለት የከፋ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላልና፣ ማኅበሩ ወደ ሩቅ መንገድ የሚወጣው እውነቱን ሰንቆ ይሁን።