ከአጥሩ በፊት አሸንዳው
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለመካከለኛ ትምህርት ቤቱ እድሳት የምናዋጣው ገንዘብ ለምን ይዋል የሚለውን ዛሬ እንወስናለን። በርና አጥሩ ይዋብ፣ ግቢው ንጣፍ ይልበስ ያላችሁ አላችሁ። እኛ በሂሳብ ክፍሉ ያለነው ግን ቅድሚያው ለአሸንዳ፣ ለሮቶና ለሴት ልጆች መጸዳጃ ይሁን እንላለን።

ቆሰበር ዝናብ አይጎድላትም። በሰኔ ቆርቆሮው ሲደበደብ የመምህሩ ድምፅ ከፊት ወንበር አያልፍም፤ ውሃው ደግሞ ግቢውን አጨቅይቶ ይሄዳል። ሂሳቡ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,000 ሊትር ይሆናል። ለብክነት አንድ አምስተኛውን ብንቀንስ 1,600 ይተርፋል። ሦስት እንዲህ ያለ ዝናብ የ5,000 ሊትር ሮቶ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል።

ለጋሾቻችን ግን በግልጽ እንንገራችሁ፤ ሮቶው በጋውን አያሻግርም። 200 ሴት ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በቀን 5 ሊትር ቢጠቀሙ በ5 ቀን ያልቃል። ዋናው ዝናብ የሚወርደውም ትምህርት በሚዘጋበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ስለዚህ ቧንቧን አይተካም። ቧንቧ በጠፋ ሰሞን ግን የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆቻችን የወር አበባቸው ሲመጣ ከቤት እንዳይቀሩ ይረዳል፤ እሱም መጸዳጃው ከውስጥ የሚቆለፍ በር ካለው ነው። ይህን በስብሰባ ማንሳት የሚያሳፍራቸው አሉ፤ እኛን አያሳፍረንም።

ለጣሪያው ጩኸት የቀርቀሃ ኮርኒስ ይሠራ ተብሏል። ደግ ሐሳብ ነው፤ ቀርቀሃ የአዊ ሀብት ነው፣ ገንዘቡም እዚሁ ይቀራል። ለጋውን ግን ነቀዝ ይበላዋል። ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ በደረቅ ወራት ያልተቆረጠና በቦራክስ ውሃ ያልተነከረ ከመጣ ክፍያ አንፈርምም።

በቡርኪና ፋሶ የጋንዶ መንደር ሰዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤታቸውን በአካባቢያቸው ሸክላ አፈር ሠርተዋል። ንድፉ የመንደሩ ልጅ የፍራንሲስ ኬሬ ነው፤ ወለሉን እየደበደቡ ካስተካከሉት መካከል ሴቶች ነበሩበት። ኬሬ በ2022 የፕሪትዝከርን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ። የእነሱ ጣሪያ ከፍ ያለው ሙቀት እንዲወጣ ነው፤ የእኛ ችግር ብርድና ዝናብ ስለሆነ ንድፉን እንዳለ ብንወስደው አያዋጣንም። ከሩቅ ከማስመጣት በፊት በእጅ ያለውን ማየታቸውን ግን እንውሰድ።

አሁን ድምፅ እንስጥ። የሮቶውን ዋጋ ከሦስት ሻጮች በፕሮፎርማ እናመጣለን። የመጸዳጃውን ቁልፍ ማን እንደሚይዝ፣ ሮቶውም በየስንት ጊዜው እንደሚታጠብ በቃለ ጉባኤ ይያዝልን።